አባዬ እጁን ሳይዘጋ

አጋንንት ይዟታል ተብሎ የተጸለየልኝ ቀን፣ አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ ከአልጋው የተነሣበት ቀን ነው። ይህን ስታነቡ ፈገግ ካላችሁ አልቀየማችሁም፤ እኔም ግማሹን ሳወራው እስቃለሁ። ሌላውን ግማሽ ግን ለማንም ጨርሼ አውርቼው አላውቅም። ጀምሬ እንባ ይቀድመኝና «በቃ ተዉት» እላለሁ። እስቲ ዛሬ በጽሑፍ ልሞክረው፣ ቢያንስ ሳለቅስ አታዩኝም።

ሶስና እባላለሁ። ያኔ ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ የመነጽር ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ እዘምራለሁ። የምንኖረው ኮልፌ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ባለ ግቢ፣ ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። የምንኖረው ስል እኔና አባቴ ማለቴ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች ጌታን ተቀብላ እኔንም ይዛኝ ገባች፤ አባቴ ግን ከጎጃም ይዞት የመጣውን ማተብ አልበጠሰም። እሱ በመድኃኔ ዓለም ይምላል፣ እኛ በኢየሱስ ስም እንጸልያለን፣ የእሱ ጾም ካልሆነ በቀር ምሳ አንድ ላይ እንበላለን። በዚህ ጉዳይ ተጣልተን አናውቅም።

አባቴን ሰፈሩ «ሻምበል ባሻ» ይለዋል። ዕድሜውን የጨረሰው በሠራዊቱ የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ሲነፋ፣ ኋላም ባንዱን ሲመራ ነው። ጡረታ ሲወጣ የሚመራው ባንድ አጣና እኔን መራኝ። የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ጀምሮ ፊት ለፊቱ ያቆመኝና ቀኝ እጁን ያነሣል። እጁ ሲወርድ እጀምራለሁ፤ ጣቶቹን ሰብስቦ እጁን እስኪዘጋ ድረስ ድምፄን ማቆም ክልክል ነው። «እጅ ሳይዘጋ ድምፅ አይዘጋም» ይላል፣ የባንዱ ሕግ መሆኑ ነው። ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ አንድ እጁን እንደዘረጋ ትቶ በሌላው ሻዩን ያነሣና ፉት ይላል። እኔ ትንፋሼ አልቆ፣ ፊቴ ቀልቶ፣ ያንኑ ድምፅ ሙጭጭ ብዬ እይዛለሁ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ልጄን ልትገድላት ነው እንዴ?» ስትል ነው እጁን የሚዘጋልኝ።

ከዚያ ጉሮሮውን ታመመ። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለና ፌጦም ዝንጅብልም ተሞከረ። ብርድ አልነበረም። ሐኪሞቹ ማንቁርቱን አወጡትና አንገቱ ላይ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ትተውለት ወደ ቤት መለሱት። ትንፋሹ በአፉ መውጣት ስላቆመ ንግግሩም ትራምፔቱም በአንድ ቀን ተወሰዱበት። ትራምፔቱን እኔ ነኝ ከቁም ሳጥኑ በላይ ያስቀመጥኩት፤ እያየው እንዳይሰቃይ ብዬ ነው፣ እሱ ግን ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ይውል ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምንነጋገረው በቀለበቱ ነው። የጋብቻ ቀለበቱን በአልጋው ብረት ላይ አንድ ጊዜ ካንኳኳ እሺ ማለቱ ነው፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ አይሆንም። ደጋግሞ ካንኳኳ ነይ ማለት ነው። የቀረውን ከከንፈሩ አነባለሁ። ሰው ሁሉ «ምስኪን፣ ዲዳ ሆነው ቀሩ» ሲል እበሽቅ ነበር። አባቴ ቀለበቱን ሲያንኳኳ እንኳ ምት አይስትም።

ኦፔራው የመጣው በዚህ መካከል ነው። አንድ ቀን ናትናኤል የሚባል ወጣት መነጽር ሊያሠራ ሱቃችን ገባ። እኔ መስታወት እየወለወልኩ ሳንጎራጉር ሰምቶ ኖሮ መነጽሩን ረስቶ ስለ ድምፄ ይጠይቀኝ ጀመር። ውጭ አገር ሙዚቃ ተምሮ የተመለሰ አቀናባሪ ነው። በአማርኛ ኦፔራ እየሠራ እንደሆነ፣ ማለትም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንግግሩ ሁሉ የሚዜምበት ተውኔት እንደሆነ አስረዳኝ። ታሪኩ ከየት እንደመጣ ሲነግረኝ ግን ሳቄ አመለጠኝ። ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን፣ በጣታችን መሐል እያጮለቅን ያየነው አስፈሪ ፊልም ነበር።

ፊልሙን ያላያችሁ ብዙ አልቀረባችሁም። አንድ ተመራማሪ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ሲመረምር አቧራው በትንፋሹ ይገባል። ከውስጡ ሌላ ፍጥረት ያድጋል። መጀመሪያ ድምፁን ይወስድበታል፣ ከዚያ እጁን፣ ከዚያ ፊቱን። መጨረሻ ላይ ከብረት በር ጀርባ ተዘግቶበት ማንኳኳት ብቻ ይቀረዋል፤ ሚስቱ ደግሞ ከበሩ ወዲህ ሆና እሱ ይሁን አውሬው ሳታውቅ ታደምጣለች። በልጅነታችን የምናየው አውሬውን ነበር። ናትናኤል ያየው ሚስቱን ነው። በእሱ ኦፔራ አውሬው መድረክ ላይ ጨርሶ አይታይም፤ የራሱ ድምፅ ስለሌለው በሚያደምጠው ሰው አፍ ይናገራል። ስለዚህ ሚስቱን የምትጫወተው ዘፋኝ በአንድ አፍ ሁለቱንም መሆን አለባት፤ አንዴ በላይኛው ድምፅ ትማጸናለች፣ አንዴ ከሆዷ በሚወጣ ወፍራም ድምፅ ትመልሳለች። ያቺ ዘፋኝ እኔ ሆንኩ።

ለአባቴ ስነግረው ሳቀ። ሳቁ በአንገቱ ቀዳዳ በኩል እያፏጨ ነው የሚወጣው። ፊልሙን እሱም በጎልማሳነቱ ከባንዱ ልጆች ጋር ሲኒማ ቤት አይቶት ኖሮ፣ የአውሬውን አረማመድ በጣቶቹ ብርድ ልብሱ ላይ አሳየኝ። ከዚያ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስነግረው ሳቁን ተወው። ድምፁን የተነጠቀውና ማንኳኳት ብቻ የቀረው ሰውዬ ጋ ስደርስ ዓይኔን ከዓይኑ አነሣሁ። ቀለበቱን አንድ ጊዜ አንኳኳ። ዘምሪው ማለቱ ነበር።

ለኳየራችን ግን ገና አልተናገርኩም። ውጭ ለመዘመር መሪዎቹን ማስፈቀድ ደንብ ነው፤ እኔም ላስፈቅድ ነበር። ግን አውሬ ያለበት ኦፔራ ልዘምር ነው ብዬ ከየት ጀምሬ ላስረዳ? ቃሉን እያመቻቸሁ ቀናት አለፉ። እስከዚያው ቤት ውስጥ የምለማመደው በግማሽ ድምፅ ነው፣ ምክንያቱም የእኛንና የእትዬ አስካለን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። እትዬ አስካለ የእናቴ የጸሎት ጓደኛ ነበሩ። እናቴ ስትሞት ገላዋን አጥበው የገነዟት፣ እኔን ደግሞ በርበሬዬን እያስፈጩ፣ ትኩሳቴን እየለኩ ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። ቤታቸው ረቡዕ ከሰዓት የሴቶች የጸሎት ቡድን ይሰበሰባል።

አባቴ በመጋረጃው ጀርባ ተኝቶ ሙሉውን ሥራ ሰማው። ከእኔ በላይ ሳያውቀው አይቀርም። ስሳሳት ቀለበቱ ሁለት ጊዜ ይጮኻል። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ቅዳሜ የሚቀርበውን ትርኢት አዳራሽ ተቀምጦ መስማት። የግቢያችን አንድ ባለ መኪና ሊወስደን ቃል ገባ። የክብር ልብሱን ተኮስኩለት። ትርኢቱ ረጅም ስለሆነ መቀመጥ ሊለማመድ ፈለገ፤ በየቀኑ ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ከትናንቱ ትንሽ ጨምሮ ይቀመጥና ላብ በላብ ሆኖ ይተኛል። እኔ ለመዘመር ስለማመድ እሱ ለመቀመጥ ይለማመድ ነበር። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ብዙ ጊዜ እንደሌለው ነግሮኛል፤ እኔ ግን ከፈጣሪ የለመንኩት ብዙ አልነበረም፣ ቅዳሜን ብቻ።

ያ ረቡዕ ደረሰ። ለልምምድ ብዬ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ነበር። ከምሳ በኋላ እንደወትሮው ወንበሩ ላይ ላስቀምጠው ብብቱን ይዤ ሳነሣው ሰውነቱ አልታዘዘም። እንደገና ሞከርን። አንገቱ ዘንበል አለና ቀዳዳው ይታፈን ጀመር፤ ቶሎ መልሼ አስተኛሁት። ትንፋሹ እስኪመለስ አጠገቡ ተቀምጬ እጁን ያዝኩ።

«ዛሬ ደክሞሃል» አልኩት፣ «ለቅዳሜ ትበረታለህ።»

ቀለበቱን ሁለት ጊዜ አንኳኳ።

«ምን አይሆንም ትላለህ? መኪናው እንኳ ተዘጋጅቷል።»

እንደገና ሁለት ጊዜ አንኳኳ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ያልገባኝ መሰልኩ፤ ገብቶኝ ነበር። እጄን ጨበጠና ደገመው። «አሁን» ነው ያለኝ።

ልከራከረው አልኩና አፌን ከፍቼ ተውኩት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጊዜ ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው፤ ስንት እንደቀረው ከእኔም ከሐኪሙም ይልቅ ያውቀዋል። በግማሽ ድምፅ ልጀምር ስል ቀለበቱ አቆመኝ። በሙሉ ድምፅ ፈለገ። ጎረቤት አለ አልኩት። ግድግዳውን ገረመመውና ትከሻውን ነቀነቀ።

መጋረጃውን ወደ ጎን ሰብስቤ መካከለኛው ክፍል ላይ ቆምኩ። የመጨረሻውን ክፍል፣ የብረቱን በር ክፍል ጀመርኩ። እዚያ ቦታ ሚስቱ ባሏ ውስጥ ያለውን ፍጥረት ታዝዘዋለች። ቃሉን ልንገራችሁና ፍረዱ። «ውጣ ከእሱ፣ ቤቱን ልቀቅ!» እያልኩ ጣሪያ በሚነካ ድምፅ እጮኻለሁ። ወዲያው ደግሞ በዚያ ወፍራም ድምፅ «አልወጣም፣ ቤቴ ነው፣ ቀድሜ ገብቻለሁ» እያልኩ ራሴው እመልሳለሁ። «ውጣ!» «አልወጣም!» «ውጣ!» «አልወጣም!»

ከግድግዳው ወዲያ የረቡዕ ጸሎት ላይ የተሰበሰቡ ሴቶች እንዳሉ ረስቼው አልነበረም። እንደሚሰሙኝ አውቅ ነበር። ምን ብለው እንደሚሰሙት ግን አላሰብኩም። ጴንጤ ያልሆናችሁ አንባቢዎች ላስረዳችሁ፤ እኛ ጋ «ውጣ» እና «አልወጣም» የሚባባሉት የሚጸልይ ሰውና አጋንንት ናቸው። ሌላ ማን እንዲህ ይባባላል?

በሩ ተበርግዶ ሴቶቹ ገቡ። ከፊት እትዬ አስካለ ናቸው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። አንዷ ከኋላዬ ወገቤን ያዘችኝ፣ አንዷ እጆቼን፣ እትዬ አስካለ መዳፋቸውን ግንባሬ ላይ ጭነው «በኢየሱስ ስም! በኢየሱስ ስም!» ይላሉ። ሁለቱ ከእኔ ጋር ኳየር የሚዘምሩ ናቸው፤ እነሱም ዓይናቸውን ጨፍነው ይጮኻሉ።

«ልምምድ ነው» አልኩ፣ «እትዬ፣ ልምምድ ነው፣ ኦፔራ ነው።»

«የሚዋሽ መንፈስ ነው፣ አትስሙት» አሉ እትዬ አስካለ።

እዚህ ጋ ነው ሰው ሁሉ የሚስቀው፣ ልክ ናችሁ። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ያልኩት ሁሉ የአጋንንቱ ንግግር ሆነብኝ። ዝም ስል ደነገጠ አሉ፤ ስናገር ሊያታልል ነው አሉ፤ ስታገል ጉልበቱን እዩት አሉ። ከሁሉ የከፋው ከአልጋው በኩል ቀለበቱ ሲንኳኳ መስማቴ ነው። ደጋግሞ፣ ያለማቋረጥ ይንኳኳል። አባቴ ይጠራኛል፣ እኔ ተይዣለሁ፣ ከጩኸታቸው በላይ የሚሰማው ጠፋ። ቀዳዳው ታፍኖ ይሆን ብዬ ስጮኽ የባሰ ያዙኝ። አሁን እንኳ ማታ ማታ ያ ማንኳኳት ይሰማኛል።

ከዚያ ማንኳኳቱ ቆመ።

እትዬ አስካለ ዓይናቸውን የገለጡት ያኔ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም መዳፋቸው ግንባሬ ላይ ላላ። ሁሉም ወደ መጋረጃው ዞሩ። አባቴ ቆሟል። ከደቂቃዎች በፊት መቀመጥ ያቃተው ሰውዬ በግራ እጁ የበሩን መቃን ይዞ፣ በፒጃማው፣ ባዶ እግሩን ቆሟል። ትንፋሹ በቀዳዳው እያፏጨ ደረቱ ይርገበገባል። ተናግሬ ላስቆማቸው ያልቻልኩትን ሴቶች፣ መናገር የማይችለው እሱ አስቆማቸው።

ቀኝ እጁን አነሣ። የሚያባርራቸው መስሏቸው ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። እኔ ግን ያንን እጅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለመጀመር ተዘጋጁ ማለት ነው።

«ባሻ፣ ይቀመጡ እንጂ» አሉ እትዬ አስካለ።

አልተቀመጠም። በመጀመሪያ ለእኔ ጠቆመኝ፣ ከዚያ ጣቱን ወደ መሬት አወረደ። የመሠረቱን ድምፅ ስጪ ማለቱ ነው። በኦፔራው መጨረሻ ላይ ከሚስቱ ዜማ ሥር ኅብረ ዝማሬው አፉን ዘግቶ አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ ይቆያል። ያንን ድምፅ አንጎራጎርኩ። አባቴ ከበሩ መቃን ላይ ግራ እጁን አነሣና፣ ጀርባውን መቃኑ ላይ አስደግፎ፣ በግራው ወደ ሴቶቹ ጠቆመ። ሁለቱ የኳየር ልጆች ቀድመው ገባቸው። የመሪ እጅ ሲያዩ መታዘዝ ለምዶባቸዋል፣ ድምፁን ተቀበሉኝ። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። እትዬ አስካለ መጨረሻ ናቸው፤ ገና ምን እየሆነ እንዳለ ሳይገባቸው፣ አፋቸውን ዘግተው ያዙት።

ቀኝ እጁ ወረደ፤ ጀመርኩ።

ናትናኤል በልምምድ ላይ ሁልጊዜ «ፍርሃት እየዘመርሽ ነው፣ እኔ የምፈልገው ስንብት ነው» ይለኝ ነበር። አልገባኝም ነበር። በዚያች ክፍል ውስጥ አውሬው ትዝም አላለኝ። ከብረቱ በር ወዲያ ያለው ሰው ፒጃማ ለብሶ ፊቴ ቆሟል፤ በሽታው ድምፁን ወስዶበታል፣ ሥጋውን ወስዶበታል፣ ፊቱን እንኳ የማያውቁት ሰዎች አሉ። እጁ ግን ራሱ ነው። «ድምፅህን አውቀዋለሁ፣ ዝም ስትልም አውቀዋለሁ» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ለአባቴ መሆኑን እሱም አወቀ። እንባው ወረደ፣ ምቱን ግን አልሳተም። ሴቶቹ ከሥር ይዘውልኛል። እንደዚያ ቀን ዘምሬ አላውቅም፤ ከዚያም በኋላ አልዘመርኩም።

የመጨረሻውን ድምፅ ስይዝ ቀኝ እጁ ተሰበሰበና ዘጋኝ። ዝም አልኩ። ግራ እጁን ወደ ሴቶቹ እንደዘረጋ ጉልበቱ ከዳውና በመቃኑ ላይ ተንሸራቶ ወረደ፤ ሮጠን ደገፍነው። ተሸክመን አልጋው ላይ ስናስተኛው ፊቱ ላይ የነበረውን ላስረዳችሁ አልችልም። ፊቱ ተጠግቼ «ደህና ነበር?» አልኩት። ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ሴቶቹ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ብለው ከበቡኝ።

«ቸኮልሽ» ነው ያለኝ። ከባንድ መሪ ሌላ ምን ይጠበቃል? እየሳቅሁ አለቀስኩ።

ኀሙስን ተኝቶ ዋለ። ቀለበቱን አላነሣም። ዓርብ ጧት፣ እኔ አንገቱን ጠርጌለት ጨርቁን ላለቅልቅ ወደ ቧንቧው ወጥቼ ስመለስ፣ ያ ፉጨት ከቤቱ ጠፍቶ ነበር። ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቀበርነው። የቀድሞ የባንዱ ሰዎች ጥቂት ሆነው መጥተው ከኋላ ቆሙ።

ቅዳሜ በድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ልቅሶ ስቀበል ዋልኩ። ናትናኤል መጣ። ስለ ትርኢቱ ትንፍሽ አላለም፤ ተተኪ ዘፋኝ ስላልነበረን ለሌላ ጊዜ እንደተላለፈ የነገረኝ ሌላ ሰው ነው። ለሌላ ጊዜ የተባለው ሌላ ጊዜ ግን አልመጣም። አዳራሹ ለሌላ ዝግጅት ተሰጠ፣ ደጋፊ የነበሩት ተበተኑ፣ ናትናኤልም ተስፋ ቆርጦ ወደ መጣበት ተመለሰ። ያ ኦፔራ በመድረክ አልታየም። መጨረሻውን በሙሉ ድምፅ የሰማው ተመልካች አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም የለም።

እትዬ አስካለ በልቅሶው ላይ አጠገቤ መጥተው ሊቀመጡ ሲሉ ፊቴን አዞርኩ። በእውነት እላችኋለሁ፣ ላያቸው አልቻልኩም። እነሱ ባይገቡ አልጋው ላይ ሆኖ ሰምቶኝ፣ ቅዳሜን ባያይ እንኳ ሰኞን ያይ ነበር ብዬ አስቤያለሁ። ያ ማንኳኳት ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ሐኪሙ ተነሣም አልተነሣም ያው ነበር ብሎኛል። እውነቱን አላውቅም፣ አሁንም አላውቅም። እሳቸውም ራሳቸውን አልማሩም፤ በግቢው ውስጥ «ባሻን የገደልኩት እኔ ነኝ» እያሉ እንደሚያለቅሱ ሰማሁ። ሰምቼ ዝም አልኩ። በአንድ ግድግዳ ወዲያና ወዲህ፣ በአንድ ቧንቧ ውኃ እየቀዳን፣ ክረምቱን ሙሉ ሳንነጋገር ከረምን።

መዝሙርም ተውኩ። ኳየሩ ኦፔራውን ሰምቶ ሊቀጣኝ አልፈለገም፣ መሪያችን ቤቴ መጥቶ «ስትበረቺ ነይ» ብሎኝ ሄዷል። እኔ ነኝ ያልቻልኩት። አፌን ስከፍት የሚጀምርልኝ እጅ አልነበረም።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ሐዘን ቂምን ተገን አድርጎ እንደሚቀመጥ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሰው ሲሞትብን የምንጣላው ሰው እንፈልጋለን። ሞትን መጣላት አይቻልማ፤ ጎረቤት ግን ቅርብ ነው። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። እነዚያ ሴቶች በሬን የገፉት ወደውኝ እንደሆነ ልቤ እያወቀው፣ አባቴን ቆሞ እንዲሰናበተኝ ያደረጉትም እነሱ እንደሆኑ እያወቀው፣ ምክንያት አድርጌ ያዝኳቸው። እነሱ ባይገቡ ኖሮ አባቴ እንደተኛ ይሰማኝ ነበር እንጂ አይመራኝም ነበር።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ የወጣ ጊዜ ነው። ከሥራ ገብቼ የአባቴን ክፍል እያጸዳሁ ሳለ ከግድግዳው ወዲያ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ዜማ አይደለም፤ አፍን ዘግቶ የተያዘ አንድ ወጥ ድምፅ ነው። ይቆማል፣ ትንፋሽ ይወሰዳል፣ እንደገና ያው ድምፅ። መጥረጊያውን ይዤ ቆምኩ። የመሠረቱ ድምፅ ነበር፣ ከዚያች ረቡዕ ሳይዛነፍ።

ወጥቼ በራቸውን ሳላንኳኳ ገፋሁት። እትዬ አስካለ መሬት ላይ ትሪ ዘርግተው ምስር ይለቅማሉ። ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ሊነሡ ሲሉ እጄን ትከሻቸው ላይ አድርጌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እትዬ» አልኩ፣ «እስከዛሬ ይህን ድምፅ ለምን ይይዙታል?»

ከምስሩ አንድ ጠጠር ለቅመው ከትሪው ውጭ አስቀመጡ።

«ያን ቀን ለአንቺ እጁን ዘጋልሽ፤ አይቻለሁ» አሉኝ። «ለእኛ ግን አልዘጋልንም። ባሻ አቁሙ አላለንም'ኮ፣ ልጄ።»